ኳሱ ለሷ

ቡድኑ ብዙ የጨዋታ ስልት ነበረው ብላችሁ እንዳትሳሳቱ። አሰልጣኙ ነጩ ሰሌዳ ላይ ክብና ቀስት እየሣለ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ቢያስረዳም የቀስቶቹ ሁሉ መድረሻ አንድ ነበር፤ ከተጋጣሚ ቅርጫት በስተግራ ያለው ጥግ። እዚያ የምትቆመው ደግሞ እሷ ነበረች። ልጆቹ ነገሩ ሲገባቸው ስልቱን ሁሉ ጠቅልለው «ለሷ» የሚል ስም አወጡለት። አሰልጣኙም ሳያስበው ለመደው። ከሜዳው ዳር ሆኖ «ለሷ» ሲል ኳሱ ከእጅ ወደ እጅ ይዞርና ጥጉ ይደርሳል፣ ከጥጉ ይነሣል፣ መረቡን ሽው አድርጎ ይወርዳል። ሰውም አጨብጭቦ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ስሟን የሚጠራ አልነበረም። ስም አጥታ አይደለም። የድሮ ባልና ሚስት በስም መጠራራት አፍረው «እሱ»፣ «እሷ» እንደሚባባሉት ዓይነት ነው። በኮሌጁ ግቢ ውስጥ «ዛሬ እሷ ስንት አገባች?» ተብሎ ሲጠየቅ «እሷ ማን?» የሚል ሞኝ አልተገኘም።

አሁን እሷ የለችም። ወደ ሌላ ኮሌጅ ከሄደች አምስት ወር ሆኗታል። ለኳሱ ግን ይህን የነገረው ያለ አይመስልም። ሐሙስ ልምምድ ላይ የቡድኑ አቀባይ ኳሱን እያነጠረች መጣች፣ አንዷን አታለለች፣ ከዚያ ፊቷን ወደ ቀኝ አድርጋ ኳሱን ወደ ግራው ጥግ ላከችው። ጥጉ ላይ የነበረው የጽዳት ባልዲ ነው። ባልዲው ተገለበጠ፣ ውሃው ወለሉ ላይ ሄደ።

«እኔ አጠገቡ ቆሜ ለባልዲው ታቀብያለሽ?» አሉ የጽዳት ሠራተኛዋ መወልወያቸውን ተደግፈው። «እኔስ እጅ የለኝም?»

ልጆቹ ሳቃቸውን ለመደበቅ የጫማቸውን ክር ማሰር ጀመሩ። አቀባይዋ ፖስተኛ ትባላለች። ስሙ የወጣላት የሰው ደብዳቤ ስታደርስ ውላ ለራሷ አንድ ፖስታ የማይደርሳት ስለሆነች ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ ወደ ቅርጫት የወረወረችው በጣት ይቆጠራል። ዘንድሮማ ጭራሽ አንድም ነጥብ የላትም።

አሰልጣኙ ፊሽካውን ከአፉ አወጣ። «ልጄ፣ እዚያ ማን አለ?»

«ማንም የለም፣ ኮች።»

«በዚህ ሳምንት ስንተኛሽ ነው?»

«ሦስተኛዬ።»

«ቅዳሜ የሚመጡት የነሷ ቡድን ናቸው። ያን ቀን ይህን ነገር አንድ ጊዜ ብትደግሚው ጨዋታውን ወንበር ላይ ሆነሽ ነው የምትጨርሽው። አምበል ነሽ ብዬ አልምርሽም።»

ፖስተኛ አንገቷን ነቀነቀችና መወልወያውን ከሴትየዋ ተቀብላ ውሃውን ማድረቅ ጀመረች። ወንበሩ አላስፈራትም። ያስፈራት ቅዳሜ ነው። አምስት ወር ሙሉ አንድ ዓረፍተ ነገር በጉሮሮዋ ይዛ ከርማለች፤ ቅዳሜ ደግሞ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት በእግሯ ትመጣለች። ፖስተኛ ሁለት ጊዜ ደውላላት ነበር፣ እሷ አላነሣችም። ሦስተኛ ጊዜ ያልደወለችው አሁንም ባታነሣስ ብላ ነው።

ሁለቱ ሁለት ዓመት በአንድ ክፍል ኖረዋል። ክፍሉ ሁለት አልጋ፣ ሁለት ቁም ሣጥንና አንድ መስኮት አለው። በምንም ነገር ተስማምተው አያውቁም፤ አንዷ መስኮት ስትከፍት አንዷ ትዘጋለች። የተስማሙት በካልሲ ነው። ማታ ማታ የተጠቀለለ ካልሲ ከአልጋ ወደ አልጋ ሲወራወሩ፣ እሷ ኳስ የምትወደው የት ላይ እንደሆነ ፖስተኛ በእጇ አጠናችው። በቀኝ ትከሻዋ ከፍታ፣ ያውም ፊቷን ሳታዞር በፊት። ዘግይቶ ከመጣ አይሆንም፣ ጉልበቷ ላይ ከመጣ አይሆንም። ዝግጁ ስትሆን ሁለት ጣቷን ጭኗ ላይ ታሳርፋለች። ይህን ምልክት ከሁለቱ በቀር ያየ ሰው የለም፤ አሰልጣኙ እንኳ እስከ ዛሬ አያውቀውም።

ግቢው ግን የሚያወራው ሌላ ነበር። ቡድኑ በአንድ ሰው ላይ ተንጠልጥሏል ይባላል። የቤተ መጻሕፍቱ ዘበኛ ይለዋል፣ የስታቲስቲክስ መምህሩ በቁጥር አስደግፎ ይለዋል፣ የምግብ ቤቷ ወጥ ሠሪ ደግሞ ጭልፋዋን ይዛ «ሌሎቹ ልጆች ማሊያቸውን ለምን እንደሚያጥቡት አይገባኝም፤ መቼ አላባቸውና» ትላለች። ሲያሸንፉ ወሬው ቀልድ ነው። ሲሸነፉ ግን መርዝ ይሆናል። ባለፈው ዓመት ፍጻሜ ላይ በአንድ ነጥብ ተሸነፉ። እሷ በመጨረሻው ደቂቃ ደክሟት ሳተች።

በማግስቱ አሰልጣኙ ልብስ መለወጫው ክፍል ውስጥ አስቀመጣቸውና ፊት ለፊት ጠየቀ። «በአንድ ሰው ላይ ከመጠን በላይ ተደግፈናል ወይስ አልተደገፍንም? እያንዳንዳችሁ ተናገሩ፣ እሷም ትስማ።» ሁሉም ጫማ ጫማውን እያየ አለፈ። ተራው ፖስተኛ ጋ ደረሰ። የልቧን ልትናገር ነበር፤ ከብደንባታል፣ ልጅቷን አድክመን ገደልናት ልትል። አፏን ስትከፍት ግን የወጣው አንድ ቃል ነው።

«ከብዷል» አለች።

ማን በማን ላይ እንደከበደ ሳትናገር ቀሪውን ዋጠችው። ለምን እንደዋጠችው ብትጠይቋት አንደበቴ ተሳሰረ ትላለች። ውሸቷን ነው ማለት አይቻልም፣ እውነቷን ነው ለማለትም ያስቸግራል። በዚያ ፍጻሜ የመጨረሻ ደቂቃ ቅርጫቱ ሥር ብቻዋን ቆማ፣ ወርውራ ማግባት ስትችል ኳሱን ለሷ ሰጥታ ነበር፤ እሷም ሳተች። ከውስጧ ጥቂት ቅሬታ አልነበረም ብንል ማን ያምነናል?

እሷ የጫማዋን ክር እያሰረች ነበር። ቀና ብላ ፖስተኛን አየቻት። ከዚያ ጎንበስ ብላ ሌላኛውን ጫማ አሰረች። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ሌላ ኮሌጅ ተቀበላትና ሻንጣዋን ይዛ ሄደች። ፖስተኛ ከክፍል ስትመለስ የማዶው አልጋ ፍራሽ ተጠቅልሎ በገመድ ታስሯል፤ በራሷ ትራስ ላይ ደግሞ አንድ የተጠቀለለ ካልሲ ተቀምጧል። ስንብት ይሁን ስድብ ሊገባት አልቻለም። ሳትፈታው በቦርሳዋ ይዛው ትዞራለች። እስከ ዛሬ ድረስ ጠዋት ጠዋት ስትነሣ የተኛ ሰው እንዳትቀሰቅስ ብላ በእግር ጣቷ ትራመዳለች፣ የቁም ሣጥኑን በር ቀስ ብላ ትዘጋለች፣ ከዚያ የታሰረውን ፍራሽ ታያለች። ናፍቃታለች። ለዚህ ሌላ የተሻለ ቃል የለም፣ ብትናፍቃት ነው።

ዓርብ የፖስተኛ ምሳ አጎቷ ቤት ነው፤ ድሮ እሷንም ይዛት ትሄድ ነበር። አጎቷ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። ኮሌጁ አዳራሽ ውስጥ ጨዋታ ሲኖር የነጥብ መዝጋቢው እሳቸው ናቸው፤ ማስመሪያቸውንና ሁለት እስክሪብቶአቸውን ይዘው ጠረጴዛው ላይ ሲሰየሙ የገዛ እህታቸውን ልጅ አያውቋትም። ቤት ሲመለሱ ደግሞ ውጤቱን በእርሳስ በራሳቸው ደብተር ላይ ይገለብጣሉ። ለምን እንደሚገለብጡት ጠይቋቸው የተረዳ የለም።

የአጎቷ ሚስት ሳህን ሲደረድሩ አራት አደረጉ። አንዱን አነሡት። «እጄ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም» አሉ። «ሁለት ዓመት የለመደውን ምን ላድርገው? ለመሆኑ ልጅቷ እንዴት ናት?»

«አላውቅም፣ እትዬ።»

«እኔ የማውቀው ነጥቧን ነው» አሉ አጎቷ። «ባልደረባዬ የዚያን ኮሌጅ ወረቀት አሳይቶኝ ነበር። ስምንት፣ ስድስት፣ ዘጠኝ። እዚህ ሠላሳ ታገባ የነበረች ልጅ። ታማ ይሆን?»

 ፖስተኛ እንዳልታመመች ታውቃለች። ኳሱ ጉልበቷ ላይ እየደረሳት ነው።

«ጋሼ፣ ማቀበል የሚጻፍበት ቦታ ግን የለም?»

«በኔ ወረቀት ላይ የለም፣ እናቴ። የኔ ወረቀት የሚያውቀው ያገባን እና የተቀጣን ነው።»

«ያገባና የተቀጣ አንድ ሰው አይደለም እንዴ?» አሉ ሚስታቸው ወጡን እያወጡ።

አጎቷ ሠላሳ አምስት ዓመት የለመዱትን ፈገግታ ፈገግ አሉ። «ደግሞ አንቺ ዘንድሮ አምበል ነሽ። አምበልነት በኔ ወረቀት ላይ አንድ ጥቅም አለው፤ ተጋጣሚ ተሳስቶ በራሱ ቅርጫት ላይ ካገባ ሁለቱ ነጥብ የሚጻፈው ባንቺ ቁጥር ላይ ነው። አንቺ እንደሆነ በሌላ መንገድ ነጥብ የምታገኚ አይመስለኝም።»

ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹ ጢም አለ። እንግዶቹ አረንጓዴ ለብሰው ከአውቶቡስ ወረዱ፤ እሷ ከኋላ ናት። ሁለቱ ቡድኖች ተሰልፈው ሲጨባበጡ ፖስተኛ እሷ ጋ ደረሰች። እጇ ከእጇ ገባ።

«ደኅና ነሽ?»

«ደኅና። አንቺስ?»

«ደኅና።»

ተላለፉ። አምስት ወር የተጠበቀው ነገር ይኸው ነው። ዓረፍተ ነገሩ እጉሮሮዋ እንደተቀመጠ ፊሽካ ተነፋ።

አሰልጣኙ ብልጥ ነኝ ብሎ እሷን የምትጠብቀው ፖስተኛ እንድትሆን አዘዘ፤ ከፖስተኛ በላይ እሷን የሚያውቅ የለማ። እንዳዘዘው ጠበቀቻት። ነገር ግን አጠገቧ ሆና ያየችው ነገር አንጀቷን በላው። እሷ ትሮጣለች፣ ቦታዋን ትይዛለች፣ ሁለት ጣቷን ጭኗ ላይ ታሳርፋለች፤ ኳሱ አይመጣም። ሲመጣም ዘግይቶ፣ ዝቅ ብሎ ነው። የአረንጓዴዎቹ አቀባይ ጎበዝ ልጅ ናት፣ ለሁሉም እኩል ታካፍላለች። ጣቱን ግን አላየችም። ማን ነግሯት? ፖስተኛ አንድ ጊዜ «ትከሻዋ ላይ» ብላ ልትጮህ አፏን ከፍታ የማን ቡድን እንደሆነች ትዝ ብሏት መለሰችው። እስከ እረፍት ድረስ እሷ ያገባችው አራት ነጥብ ነው። ከተመልካቾቹ አንዱ «እንኳን ሄደችልን» ሲል ተሰማ።

ነገሩ የሆነው በሦስተኛው ሩብ ነው። ኳሱ በፖስተኛ እጅ ነው፤ ልታጠቃው የምትሄደው አረንጓዴዎቹ የሚከላከሉትን ቅርጫት ነው። እሷ የምትጠብቃት ልጅ ወደ መሀል ሮጣ አመለጠቻትና እሷ ብቻዋን ቀረች። የቀረችው የት ነው ብትሉ ከቅርጫቱ በስተግራ ያለው ጥግ ላይ ነው፤ ሁለት ዓመት የቆመችበት ወለል። ልክ በዚህ ጊዜ አሰልጣኙ፣ ያ ወንበር ላይ አስቀምጥሻለሁ ያለው አሰልጣኝ፣ ሰዓቱ እያለቀ መሆኑን አይቶ በደመ ነፍስ ተነሣና ጮኸ።

«ለሷ።»

ፖስተኛ ፊቷን ወደ ቀኝ አደረገች። በግራ ዓይኗ ጫፍ ሁለት ጣት ጭን ላይ ሲያርፍ አየች። ኳሱ ከእጇ ወጣ። እሷ ፊቷን ከማዞሯ በፊት ቀኝ ትከሻዋ ጋ ደረሰ፤ ተቀበለችው፣ ዞረች፣ ተነሣች፣ ወረወረች። መረቡ ሽው አለ። ፖስተኛ ሁልጊዜ እንደምታደርገው ክንዷን ከፍ አድርጋ፣ እሷም እንደ ድሮው በጣቷ ወደ ፖስተኛ እየጠቆመች፣ እንደዚያው ሆነው ደረቁ።

 መጀመሪያ አንዱ ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም ሳቀ። አረንጓዴዋ ልጅ በገዛ ቡድኗ ቅርጫት ላይ አግብታለች።

የእንግዶቹ አሰልጣኝ ጠርሙሱን ወለሉ ላይ ፈጠፈጠው። አጎቷ እስክሪብቶአቸውን በአየር ላይ እንደያዙ ዳኛውን ጠበቁ፤ ሆን ተብሎ የገባ ከሆነ አይቆጠርም፣ በስሕተት ከሆነ ሁለት ነጥብ ነው። ዳኛው ወደ እሷ ሄደ።

«ሆን ብለሽ ነው?»

«አይደለም። ረስቼ ነው።»

«ምኑን?»

እሷ የለበሰችውን ማሊያ ጎንበስ ብላ አየችው። «የት እንዳለሁ» አለች።

ዳኛው ፊቷን አይቶ ሌላ አልጠየቀም። ሁለት ጣቱን ወደ ጠረጴዛው አሳየ። እሷን ወዲያው ቀየሯትና ፎጣ በራሷ ላይ ጣል አድርጋ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ፖስተኛን ግን ማንም አልቀየራትም። አሰልጣኙ የማን ድምፅ እንደነበር ያውቃልና ወደ ጣሪያው ሲያይ ቆየ። አረንጓዴዎቹ ያለሷ ተጫወቱ፣ ያለሷ በስድስት ነጥብ አሸነፉ።

ሰው ሲበተን ፖስተኛ ወደ ጠረጴዛው ሄደች። አጎቷ ወረቀቱን በማስመሪያ እየዘጉ ነበር። በአራት ቁጥር፣ በፖስተኛ ቁጥር አንጻር፣ ብቻዋን የተቀመጠች ሁለት አለች።

«እንኳን ደስ ያለሽ» አሉ አጎቷ ቀና ሳይሉ። «የዘንድሮ መጀመሪያሽ ናት።»

«የኔን ነጥብ ላንቺ ጻፉልሽ እንዴ?» አለ ከኋላ ድምፅ። እሷ ናት። ቦርሳዋን በትከሻዋ ይዛለች፣ ዓይኗ ቀልቷል። «ከኔ ሌላ ማንም አይወስደውም ብዬ ነበር።»

ፖስተኛ ዞረች። ያን ሁሉ ጊዜ ያሰበችበት ዓረፍተ ነገር ሲፈለግ ተዘበራረቀ። «ያን ቀን... ከብዷል ያልኩት... የከበድነው እኛ ነን ልል ነበር። ባንቺ ላይ።»

«ታዲያ ለምን አልጨረስሽውም?»

መዋሸት ይቻል ነበር። «ትንሽ አንቺም ከብደሽኝ ነበር» አለች። «ትንሽ።»

 እሷን ሳቅም ለቅሶም የሆነ ነገር አመለጣት። «ይኸውልሽ፣ ይሄ ነበር የጎደለው። ግማሹን ሰጥተሽኝ ግማሹን እኔ ስሞላው ከረምኩ፤ ያውም በመጥፎው።» አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «እዚያ ማንም አይደገፍብኝም። ይቀላል። በጣም ይቀላል። እንዲህ ቀሎኝ መሬት የምረግጥ አይመስለኝም።»

«ትመለሻለሽ?»

«አይቻልም። ተመዝግቤ፣ ፈርሜ።»

ፖስተኛ ከቦርሳዋ የተጠቀለለውን ካልሲ አወጣች። «ይሄስ? ምን ማለትሽ ነበር?»

እሷ አፍጥጣ አየችው። «ይሄ እዚህ ነበር? ቤት ሙሉ ገልብጬ ነው የፈለግኩት። ያንቺ ካልሲ ከኔ ልብስ ጋር የተቀላቀለ መስሎኝ ትራስሽ ላይ ጣልኩት፤ ለካ የኔው ነው።»

አምስት ወር በቦርሳ የተዞረበት ምሥጢር ያልታጠበ ካልሲ ሆኖ ተገኘ። ሁለቱም ጠረጴዛውን ይዘው እስኪያማቸው ሳቁ። ውጭ የአውቶቡሱ ጥሩምባ ተነፋ። ተቃቀፉ፤ ፖስተኛ አረንጓዴው ማሊያ ላይ ፊቷን ደብቃ ጥቂት ቆየች። የድሮውን ሳሙና ነው የምትሸተው። ከዚያ እሷ ካልሲዋን ይዛ ሮጠች።

አጎቷ ይህን ሁሉ እንዳልሰሙ ሆነው ወረቀቱን አጠፉ። ከከረጢታቸው ደብተራቸውንና እርሳሳቸውን አወጡ፤ ዛሬ ቤት እስኪደርሱ መታገሥ አልቻሉም። አንድ በአንድ እየገለበጡ ቆዩና በመጨረሻ እርሳሳቸው ቆመ።

«ወረቀቱ ላይ ሕጉ እንዳለው ጻፍኩ» አሉ። «ደብተሩ ግን የኔ ነው፣ ሕግ አያውቅም። እናቴ፣ እቺን ሁለት ለማን ልጻፋት?»

ፖስተኛ በተከፈተው በር ወደ ውጭ አየች። አውቶቡሱ ከግቢው እየወጣ ነው። በግራ በኩል፣ የመጨረሻው መስኮት ላይ፣ ሁለት ጣት መስታወቱን ተደግፏል።

«ለሷ» አለች።